የወደቀው ኳስና የተጻፈው ቁጥር

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር ለመጽሔቱ አንባብያን የተዘጋጀ)

   

የዛሬው ርዕሳችን ከፍ ካለ ቦታ የተለቀቀ ኳስ እንዴት እየፈጠነ እንደሚወርድ ነው። «ይህ ደግሞ ከኛ ቤት ጋር ምን ያገናኘዋል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኛም አንድ ምሽት ከመግሪብ ሰላት በኋላ አንድ ተማሪ ደብተሩን ይዞ መስጂድ ደጃፍ ላይ እስኪጠብቀን ድረስ እንዲሁ ነበር የምናስበው።

የሞጆው ደብተር

ሞጆን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ከአዲስ አበባ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩባት ከተማ ናት። ደረቅ ወደቡ በ2001 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከጅቡቲ በኮንቴነር የሚመጣው የአገሪቱ ዕቃ ብዙው የሚያርፈው እዚያ ነው። የዚህ ተማሪ አባትም በዚያው ወደብ ኮንቴነር ከሚቆጥሩ ሠራተኞች አንዱ ናቸው።

ልጁ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። የፊዚክስ መምህራቸው በቡድን በቡድን ከፋፍለው «የመሬት ስበት የሚወድቅን ነገር ምን ያህል እንደሚያፈጥን ለክታችሁ አምጡ» ብለዋቸዋል። ልጁና ሦስት ጓደኞቹ ከጋራዥ የኩሽኔታ ብረት ኳስ ለመኑ። ባለ ፎቅ ሕንጻ ፈልገው፣ በገመድ 3 ሜትር፣ 6 ሜትርና 9 ሜትር ለኩ። ታች አሸዋ የሞላው ጆንያ አስቀመጡ። አንዱ ከላይ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ይለቃል፤ ሌላው በሞባይሉ ሰዓት ይይዛል። ከየከፍታው ዐሥር ዐሥር ጊዜ ጥለው አማካዩን ወሰዱ። ከ3 ሜትር 0.88 ሰከንድ፣ ከ6 ሜትር 1.21 ሰከንድ፣ ከ9 ሜትር 1.46 ሰከንድ አገኙ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ከፍታው በሁለት ይባዛል፣ ከዚያ ለጊዜው ካሬ ይካፈላል። ሲያሰሉት ከመጀመሪያው ከፍታ 7.75፣ ከሁለተኛው 8.20፣ ከሦስተኛው 8.44 ሜትር በሰከንድ ካሬ መጣ። መጽሐፉ የሚለው ግን 9.81 ነው።

እዚህ ላይ ቡድኑ ተጣላ። ሦስቱ «ጊዜውን ትንሽ ትንሽ ቀንሰን 9.81 እንዲመጣ እናድርገው፤ ሌሎቹም ቡድኖች እንደዚያ ነው ያደረጉት» አሉ። ይህኛው እንቢ አለ። ውጤቱ ከሴሚስተሩ ማርክ የሚደመር ስለሆነ ጓደኞቹ «በአንተ ግትርነት እኛ ለምን እንጎዳለን?» ብለው ተቆጡት። እናም ደብተሩን ይዞ መጣ።

«ኡስታዝ፣ ትክክለኛው መልስ 9.81 መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። መልሱን እያወቅን ቁጥሩን ብናስተካክለው ውሸት ይሆንብናል እንዴ?» አለን።

እውነቱን እንናገር፤ ወዲያው አልመለስንለትም። እኛም ኮሌጅ ሳለን የላቦራቶሪ ሰዓት ሲያልቅብን የጓደኛችንን ቁጥር ገልብጠን ያስረከብንበት ቀን አለ። ያን ቀን ማንም አልጠየቀንም፤ ሙሉ ነጥብም አገኘን። ያ ነገር እስከዚያች ምሽት ድረስ ትዝ ብሎን እንኳ አያውቅም ነበር። ለልጁ «ነገ ተመለስ» አልነውና ቤታችን ገብተን መጻሕፍት መግለጥ ያዝን። ያገኘነውንም ለእናንተ ልናካፍል ወደድን።

ከአሪስጣጣሊስ እስከ መርው

የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ከባድ ነገር ከቀላል ነገር ፈጥኖ ይወድቃል፣ ፍጥነቱም በክብደቱ ልክ ነው ብሎ አስተማረ። ይህ ቃል ለብዙ መቶ ዓመታት ተከበረ። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የአሌክሳንድሪያው ዮሐንስ ፊሎፖኑስ ግን በክብደት በጣም የሚለያዩ ሁለት ነገሮችን ከአንድ ከፍታ ብትለቁ የመውደቂያ ጊዜያቸው የሚለያየው በጥቂቱ ነው ሲል ጻፈ። መጽሐፍን በዓይን ምስክርነት መፈተን ማለት ይህ ነው።

የሙስሊሙ ዓለም ዑለማዎችም ይህንን ክርክር ተቀብለው አስፋፉት። ኢብን ሲና የተወረወረ ነገር የሚጓዘው ከወርዋሪው በሚያገኘው ዝንባሌ፣ በዐረብኛ «መይል» በሚሉት ነገር ነው አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የባግዳዱ አቡል በረካት የወደቀ ነገር ለምን እየፈጠነ እንደሚሄድ ሲያብራራ፣ ክብደቱ በየቅጽበቱ አዲስ መይል ስለሚጨምርበት ነው ብሎ አሰበ። ይህ ወደ ዛሬው ግንዛቤ በጣም የቀረበ ሐሳብ ነው።

አል ቢሩኒ የብረታ ብረትንና የከበሩ ድንጋዮችን ጥግግት በሚያስደንቅ ጥንቃቄ ለካ። ነጻ የወጣ ባሪያ የነበረውና በመርው ከተማ የኖረው አል ኻዚኒ ደግሞ በ515 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1121 አካባቢ) «ሚዛኑል ሒክማ» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። ትርጉሙ «የጥበብ ሚዛን» ማለት ነው። በዚህ መጽሐፍ የአንድ ነገር ክብደት ከዓለም ማዕከል ባለው ርቀት ይለዋወጣል የሚል ሐሳብ አለ። ለውጡ የሚሄድበት አቅጣጫ ከዛሬው ዕውቀት ጋር ባይገጥምም፣ ክብደት በሁሉም ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል ብሎ መጠየቁ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ለራሳችንም አንድ ማሳሰቢያ አለን። አንዳንድ ጽሑፎቻችን «ፔንዱለምን ያገኘው የግብጹ ኢብን ዩኑስ ነው»፣ «የስበትን ሕግ ከኒውተን በፊት የኛ ሰዎች ጨርሰውት ነበር» ይላሉ። የታሪክ ተመራማሪዎች የኢብን ዩኑስን ሥራዎች አገላብጠው ስለ ፔንዱለም ምንም አላገኙም። ኢብን ዩኑስ ታላቅ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር፤ ያልሠራውን ብንጨምርለት ክብር አይጨመርለትም። የራሳችንን ታሪክ ስንመዝን ጣታችንን ሚዛኑ ላይ ካሳረፍን፣ ያንን ተማሪ ቁጥር አትቀይር የማለት መብት ከየት እናመጣለን?

ቦሎኛና ካየን

ወደ አውሮፓ እንሻገር። ጋሊልዮ ከፒሳ ዘንባላ ግንብ ኳስ ጣለ የሚለውን ታሪክ ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተነዋል። ታሪኩን ያወራው ተማሪው ቪቪያኒ ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎች ግን ይጠራጠሩታል። የተረጋገጠው ጋሊልዮ ኳስን በዘንባላ ሰሌዳ ላይ እያንከባለለ፣ ጊዜውንም ከዕቃ በሚወርድ ውኃ እየመዘነ መለካቱ ነው። የዘንባላው ሰሌዳ ኳሱን ስለሚያዘገየው ለመለካት ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ርቀቱ በጊዜው ካሬ ልክ እንደሚያድግ አስረዳ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሪቾሊ የተባለ ኢየሱሳዊ ካህን በቦሎኛ ከተማ ካለው ከአዚኔሊ ግንብ ላይ ኳሶችን እየለቀቀ ለካ። ሰዓት ስላልነበረው ፔንዱለም ሠራ። ፔንዱለሙን ለማስተካከልም ካህናት ጓደኞቹ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ እየተፈራረቁ ውዝዋዜውን ቆጠሩለት። ሪቾሊ መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በሚለው ጉዳይ ከጋሊልዮ ጋር የማይስማማ ሰው ነበር፤ ጋሊልዮ ስለሚወድቅ ነገር ያለውንም ይጠራጠር ነበር። ኳሶቹ ግን የጋሊልዮን ሕግ ደገፉ። ታዲያ ምን አደረገ? ያየውን እንዳየው ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1651 በታላቁ መጽሐፉ አሳተመው። ቁጥሩም ዛሬ ከምናውቀው በጥቂት መቶኛ ብቻ የራቀ ነበር።

የተማሪያችንን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው ግን የሚቀጥለው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1672 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ዣን ሪሼ የተባለ ሰው በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ካየን ላከ። ካየን ከምድር ወገብ አምስት ዲግሪ ያህል ብትርቅ ነው። ሪሼ በፓሪስ በትክክል ሰከንድ የሚቆጥር የፔንዱለም ሰዓት ይዞ ሄደ። ካየን ሲደርስ ሰዓቱ በቀን ከሁለት ደቂቃ በላይ ወደኋላ ቀረበት። ለማስተካከል ፔንዱለሙን ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ልክ ማሳጠር ነበረበት። ለወራት ደጋግሞ ለካ፤ ውጤቱ ያው ነው።

ሪሼ «የፓሪሶቹ ሊቃውንት ይስቁብኛል» ብሎ ቁጥሩን ማስተካከል ይችል ነበር። ማን ያየዋል? ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚቆጣጠረው አልነበረም። እሱ ግን ያገኘውን ጻፈ። በጥንቃቄው ላይ ጥርጣሬ ያነሱ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1677 ግን እንግሊዛዊው ሃሌይ በቅድስት ሄሌና ደሴት ተመሳሳይ ነገር አገኘ። በ1687 ደግሞ ኒውተን በመጽሐፉ ምክንያቱን ገለጠው። ምድር ትሽከረከራለች፤ በመሽከርከሯም ወገቧ ላይ ጎላ ትላለች። ስለዚህ በምድር ወገብ አካባቢ ስበት ከፓሪስ ትንሽ ያንሳል። ፈረንሳዮች በ1730ዎቹ አንዱን ቡድን ወደ ፔሩ፣ ሌላውን ወደ ላፕላንድ ልከው የምድርን ቅርጽ በመለካት ይህንን አረጋገጡ። የምድርን ቅርጽ ለማወቅ ከረዱት ነገሮች አንዱ «ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም» ያለና ሳይሰረዝ የቆየ ቁጥር ነው።

ታዲያ ሞጆ የት ናት?

ሞጆ ከምድር ወገብ ስምንት ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከፍታም አላት። ሁለቱም ስበትን ይቀንሳሉ። ስሌቱን ብንሠራው በሞጆ የሚወድቅ ነገር የሚያገኘው ማፍጠኛ ወደ 9.78 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። 9.81 በአውሮፓ አካባቢ ላሉ አገሮች የሚስማማ ቁጥር ነው።

አያችሁ? እነዚያ ተማሪዎች «ትክክለኛው መልስ ነው» ብለው ሊጽፉት የነበረው 9.81 ለራሳቸው ከተማ ትክክል አልነበረም። ውሸቱ ላይ ስሕተትም ሊጨምሩበት ነበር።

በአገራችንም ይህንን በጥንቃቄ የለኩ ሰዎች ነበሩ። ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዌን ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እሳቸውና ፖል ሞር በኢትዮጵያ መንገዶች እየተጓዙ ስበትን ለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርታቸውን በኦብዘርቫቶሪው መጽሔት አሳተሙ። የሚለኩት ኳስ በመጣል አልነበረም፤ በጣም ስሱ ከሆነ ሞላ ላይ የተንጠለጠለች ክብደት ባላት መሣሪያ ነው። መለኪያ አሐዱም ለጋሊልዮ መታሰቢያ «ሚሊጋል» ይባላል፤ አንድ ሚሊጋል የአንድ ሜትር በሰከንድ ካሬ መቶ ሺኛ ነው።

ይህን ያህል ጥቃቅን ልዩነት ምን ይሠራል? በስምጥ ሸለቆው ሥር ከባድ ድንጋይ ካለ ስበት ትንሽ ይጨምራል፤ ቀላል አለት ካለ ይቀንሳል። ሳይንቲስቶች በዚህ ልዩነት ምድር ከሥር እንዴት እየሳሳችና እየተለጠጠች እንደሆነ ይመረምራሉ፤ የእንፋሎት ኃይል ሲፈልጉም ይጠቀሙበታል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር በተደጋጋሚ ስትንቀጠቀጥ የአዳማና የመተሐራ ሰው በሌሊት ከቤቱ እየወጣ ማደሩን አንረሳም። ያን ጊዜ ሁላችንም እውነተኛ ቁጥር የሚነግረን ሰው ነበር የምንፈልገው፤ ቁጥር የሚያሳምር ሰው ማንም አልፈለገም።

የኮንቴነሮቹ ትምህርት

በማግሥቱ ልጁ ከአባቱ ጋር መጣ። አባቱ ያለ ምሳሌ የማይገባቸው ሰው ስለሆኑ በኮንቴነር አስረዳናቸው። የተለመደው ኮንቴነር ቁመቱ 2 ሜትር ከ59 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአንድ ኮንቴነር ጣሪያ የወደቀ ብሎን መሬት ለመድረስ 0.73 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከአራት ተደራራቢ ኮንቴነር ጣሪያ ቢወድቅስ?

«አራት እጥፍ ነዋ!» አሉ አባትየው።

አይደለም፤ 1.46 ሰከንድ ነው፣ ሁለት እጥፍ ብቻ። በመጀመሪያው 0.73 ሰከንድ አንድ ኮንቴነር ይወርዳል፤ በሚቀጥለው እኩል ጊዜ ግን ሦስት ኮንቴነር ይወርዳል። ጋሊልዮ የደረሰበት ሕግ ይኸው ነው። ብሎኑ መሬት ሲደርስ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ነው። አባትየው ዝም ብለው ቆዩና «ለካ ያን ቆብ አድርጉ የሚሉን ለዚህ ነው» አሉ። እኛም አደራ አልናቸው። ልጆችም ይህንን ሰምታችሁ ኮንቴነር ላይ ወይም ሕንጻ ጫፍ ላይ ያለ አዋቂ እንዳትወጡ።

ቀጥለን ደብተሩን ገለጥን። የተማሪዎቹ ቁጥር ለምን አነሰ? ሰዓት ያዡ «ሦስት» የሚለውን ጠብቆ በሰዓቱ ያስጀምራል፤ ኳሱ ማረፉን አይቶ ሲያቆም ግን እጁ ይዘገያል። መዘግየቱ ዐሥር ጊዜ ቢደጋገም አይጠፋም፤ የዘገየ እጅ ሁሌም ይዘገያልና። በአጭር ከፍታ ላይ ይህች መዘግየት ብዙ ታበላሻለች፤ በረጅሙ ላይ ትንሽ። ለዚህ ነው ቁጥሩ ከ7.75 ወደ 8.44 ያደገው። መዘግየቷ ግን በሦስቱም ከፍታ እኩል ስለሆነች፣ የ9 ሜትሩን ጊዜ ከ3 ሜትሩ ብንቀንስ እርስ በርሷ ትጣፋለች። 1.46 ሲቀነስ 0.88፣ 0.58 ሰከንድ። በዚህ ልዩነት ሲሰላ 9.56 መጣ! ከሞጆው 9.78 ሁለት መቶኛ ያህል ብቻ ነው የራቀው። ኳሱን ከተለያየ ከፍታ የመጣሉ ጥበብ ይኸው ነው።

ልጁ ደብተሩን አየና «ቁጥሮቹን ቀይረናቸው ቢሆን ይሄ አይገኝም ነበር» አለ። እውነቱን ነው። መልሱ ስሕተት በመሰሉት ቁጥሮች ውስጥ ተደብቆ ነበር።

ሚዛናችን

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ነገሩ እስከ ሱቃችን ይዘልቃል። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ዕቃን ከድንጋዩ ጋር ስለሚያነጻጽር የትም ቢወሰድ እውነት ይናገራል። ባለ ሞላ ሚዛንና የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ግን የሚለካው ስበት የሚስበውን ያህል ነው። በአውሮፓ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን እዚህ በታወቀ ክብደት እንደገና ካልተስተካከለ በኩንታል 300 ግራም ያህል አሳንሶ ያሳያል። በ40 ቶን የጭነት መኪና ላይ ከ120 ኪሎ በላይ ይሆናል። ገበሬው እህሉን በእንዲህ ያለ ሚዛን ሲሸጥ የሚቀርበት የልፋቱ ዋጋ ነው። ሱረቱል ሙጠፊፊን ሲለኩ የሚያጎድሉትን በብርቱ የምታስጠነቅቅ መሆኗን እናውቃለን። ሚዛንን ማስመርመር አማናን ከመጠበቅ አንዱ ነው። ቁጥርን ሳይቀይሩ መጻፍም እንዲሁ።

ለተማሪው የሰጠነው መልስ ይህ ነው፦ «ያያችሁትን ጻፉ፤ ከሥሩም ለምን እንደተለየ የምታስቡትን ጻፉ።» ሦስቱ ጓደኞቹም ተስማሙና እንዲሁ አስረከቡ።

መጨረሻው እንዴት ሆነ ትሉን ይሆናል። ነጥብ ተቀነሰባቸው። 9.81 የጻፉት ቡድኖች ሙሉ አገኙ። ልጁ ይህንን ሊነግረን ሲመጣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «እውነት ተናግረህ አትጎዳም» ብለን ልናታልለው አልፈለግንም፤ ተጎድቷልና። ያልነው ይህን ነው፦ የሪሼንም ቁጥር ኒውተን እስኪያነሣው ድረስ አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቷል፤ አላህ (ሱ.ወ.) ዘንድ ግን የምትጻፍ ነገር አትጠፋም። ከዚያም ስለ ራሳችን፣ ኮሌጅ ሳለን ስለገለበጥነው ደብተር ነገርነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ለልጅ መናገር ይከብዳል፤ ግን እሱ የከፈለውን እኛ ሳንከፍል እሱን ማስተማር አሳፈረን።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ስንት አገኘህ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ «እንዴት አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። መምህራን ሆይ! ከመጽሐፉ ጋር ያልገጠመ ቁጥር ይዞ የመጣን ልጅ ነጥብ ከመቀነሳችሁ በፊት ደብተሩን ተቀምጣችሁ አብራችሁት እዩ።

አላህ (ሱ.ወ.) ያየነውን እንዳየነው የምንናገር፣ የለካነውን እንደለካነው የምንጽፍ ያድርገን። አሚን።